ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ወደ ትውልድ ከተማ ስለ መመለስ የሚተርኩ የፍቅር ልብወለዶችን ማንበብ

ምን ዓይነት ልብወለዶች ናቸው?

ዘመኑ የእኛው ዘመን ነው፤ መቼቱ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት ትንሽ ከተማ። አንዲት ሴት፣ አንዳንዴም አንድ ወንድ፣ ከዓመታት በፊት ትታት ወደ ሄደችው የትውልድ ከተማ ትመለሳለች። ሰበቡ ብዙ ጊዜ ሞት ነው፤ ካልሆነም የወላጅ ሕመም፣ በውርስ የደረሳት ቤት፣ የፈረሰ ትዳር ወይም ከሥራ መሰናበት። ጉዳይዋን በጥቂት ሳምንት ጨርሳ ልትሄድ ነው የመጣችው። ከተማው ውስጥ ግን አንድ ሰው አለ፤ ወይ የድሮ ፍቅረኛዋ፣ ወይ የወንድሟ ጓደኛ፣ ወይ እሷ ከሄደች በኋላ የመጣ እንግዳ። ደራሲው የሁለቱን ፍቅርና የእሷን መሄድ ወይም መቅረት አያይዞ ይተርካል።

ይህን ዓይነቱን ልብወለድ ከሌላው የፍቅር ልብወለድ የሚለየው ይህ መያያዝ ነው። "ይዋደዱ ይሆን?" ከሚለው ጎን "ከዚህ ቦታ ጋር ትታረቅ ይሆን?" የሚል ሁለተኛ ጥያቄ አለ። እኔን እስከ መጨረሻው ገጽ የሚወስደኝ ሁለተኛው ነው።

አዲስ የመጣ ነገር ነው?

ገበያው የቅርብ ጊዜ ነው። ዛሬ በፍቅር ልብወለድ ስማቸው የሚነሳው ሁለቱ ትልልቅ አሳታሚዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ሚልስ ኤንድ ቡንና በ1949 ካናዳ ዊኒፔግ ውስጥ የተቋቋመው ሃርለኩዊን፣ ሲጀምሩ ያገኙትን ዓይነት መጽሐፍ ሁሉ ነበር የሚያሳትሙት። በፍቅር ልብወለድ ላይ ያተኮሩት ቆይተው ሲሆን በ1971 አንድ ላይ ተጠቃለሉ። ትንሽ ከተማ ለብቻው የሚሸጥ የፍቅር ልብወለድ ዘርፍ የሆነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ታሪኩ ራሱ ግን የጥንት ነው። መጽሐፈ ሩትን ያስታውሱ። ኑኃሚን ባሏንና ሁለት ልጆቿን ሞዓብ ምድር ቀብራ ወደ ቤተ ልሔም ስትመለስ ከተማው በሙሉ ይታወካል፤ "ይህች ኑኃሚን ናትን?" ይላሉ ሴቶቹ። እሷም ከእንግዲህ ማራ በሉኝ፣ በሙላት ወጥቼ ባዶዬን ተመለስኩ ትላቸዋለች። ፍቅሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፣ ያውም በእሷ ሳይሆን አብራት በመጣችው ምራቷ በኩል፤ በገብስ አጨዳ ወራት፣ በቦዔዝ እርሻ ላይ። በመጨረሻም ለተወለደው ሕፃን ስም ያወጡለት እነዚያው ጎረቤት ሴቶች ናቸው። አንዲት ከተማ በመጀመሪያው ምዕራፍ ትጠይቃለች፣ በመጨረሻው ስም ታወጣለች። ዛሬ የሚጻፉት የመመለስ ልብወለዶችም ከዚህ ብዙ አይርቁም።

መጨረሻው አስቀድሞ ከታወቀ ምን አጓጊነት ይኖረዋል?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። በ1980 የተመሠረተው የአሜሪካ የፍቅር ልብወለድ ጸሐፍት ማኅበር ለዘርፉ ያስቀመጠው መለኪያ ሁለት ብቻ ነበር፦ ማዕከሉ የፍቅር ታሪክ ይሁን፣ መጨረሻው ደግሞ ስሜትን የሚያረካና ተስፋ ያለው ይሁን። ስለዚህ ሽፋኑን ሲገልጡ ሁለቱ እንደሚጣመሩ ከደራሲው ጋር ተስማምተዋል ማለት ነው።

አጓጊው እንዴት እዚያ ይደርሳሉ የሚለው ነው። ፓሜላ ሬጂስ የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ጽሑፍ ምሁር በ2003 ባሳተሙት ጥናት የፍቅር ልብወለድን ስምንት አላባውያን ለይተው አስቀምጠዋል፦ የታሪኩ ማኅበረሰብ፣ የመጀመሪያው መገናኘት፣ መሰናክሉ፣ መሳሳቡ፣ ፍቅርን መግለጽ፣ ፍቅሩ የሞተ የሚመስልበት ቅጽበት፣ መሰናክሉን የሚፈታው መረዳት፣ በመጨረሻም ቃል ኪዳን። ቅደም ተከተላቸው ሊለዋወጥ ይችላል። በመመለስ ታሪክ ውስጥ ሁለቱን ልብ ብለው ይከታተሉ። አንደኛው መሰናክሉ ነው። በጥሩ መጽሐፍ ውስጥ መሰናክሉ ከሴትየዋ ልብ ይመነጫል፤ በደካማው ደግሞ አንድ ያልተነበበ መልእክት ወይም በር ላይ ቆሞ በግማሽ የተሰማ ወሬ ይሆናል። ሁለተኛው ፍቅሩ የሞተ የሚመስልበት ቅጽበት ነው። እዚህ ላይ ልጅቱ ሻንጣዋን እንደገና ትሸክፋለች። ያኔ ራስዎን ይጠይቁ፦ ድሮ የሄደችበት ምክንያት ነው አሁንም የሚያስኬዳት? አዎ ከሆነ ደራሲው ሥራውን ያውቃል። ያረጀው ቁስል እንደገና ተነክቷልና ጡዘቱ ከራሱ ከታሪኩ የበቀለ ነው።

ለምን የግድ ትንሽ ከተማ?

መሸሸጊያ ስለሌለ። በትልቅ ከተማ የተጣሉ ፍቅረኞች ዳግም ሳይተያዩ ዕድሜያቸውን ሊጨርሱ ይችላሉ። በትንሽ ከተማ ግን በሳምንት ሦስት ጊዜ ይገናኛሉ፤ ሲገናኙም ሰው እያየ ነው። ደራሲው አጋጣሚ መፍጠር አያስፈልገውም፣ ከተማዋ ትፈጥርለታለች።

ሌላው ነገር የከተማዋ ትዝታ ነው። አንዲት ልጅ በአሥራ ሰባት ዓመቷ የሠራችው ጥፋት እዚያ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቷትም ስትመጣ በዚያው ስም ነው የምትጠራው። ይህን ደራሲው እንዴት እንደሚያሳየው ማየት ደስ ይለኛል። አንድ ትዕይንት እናስብ። ሴትየዋ አባቷን ቀብራ በማግሥቱ የተሰበረ የበር እጀታ ለመለወጥ እቃ መሸጫ ትገባለች። ሻጩን አታስታውሰውም። የያዘችውን ስባሪ አይቶ፣ ስሟን ሳይጠይቅ፣ "ይሄ የጓዳው በር ነው፤ ወደ ግራ ነው የሚከፈተው" ይልና ትክክለኛውን እጀታ ያወርድላታል። ሌላ ቃል አይናገርም። በዚህች አንድ ንግግር ብቻ ብዙ ነገር ተነገረን። ሰውየው ያንን ቤት ያውቀዋል፣ በሩንም ከአባቷ ጋር ሳይገጥመው አልቀረም፤ እሷ ባልነበረችባቸው ዓመታት አባቷ ብቻውን አልነበረም። መታወቅ እፎይ ያሰኛታል፣ ያሸማቅቃታልም። ደካማ ደራሲ በዚህ ቦታ ሻጩን አስቀምጦ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ለሁለት ገጽ ያስተርከዋል።

ከተማዋ ቆንጆ መሆኗን ብቻ የሚነግርዎት መጽሐፍ ካጋጠመዎት ይጠራጠሩ። አበባ ያላቸው በረንዳዎችና ደግ አሮጊቶች ብቻ ካሉባት ልጅቱ ያን ሁሉ ዓመት ለምን ራቀች?

ጥሩውን ከደካማው በምን እለየዋለሁ?

"ለምን ተመለሰች?" ከሚለው ይልቅ "ለምን ሄደች?" በሚለው። የመመለሻው ምክንያት በመጀመሪያዎቹ አሥር ገጾች ይነገረናል፤ ቀብር፣ ውርስ፣ ፍቺ። የመሄጃው ምክንያት ግን የመጽሐፉ ልብ ነው፣ ቀስ ተብሎም ነው የሚከፈተው።

ብዙ ጊዜ ሦስት ዓይነት መሄድ አለ። የመጀመሪያው ጉጉት ነው፦ ትምህርት፣ ሥራ፣ ሰፊ ዓለም። እንዲህ ያለው መሄድ ጥፋት የለውም፤ ልጅቱን ጥፋተኛ አድርጎ ይቅርታ የሚያስጠይቃት መጽሐፍ ያናድደኛል። ሁለተኛው ማፈር ነው፦ የአባት ስካር፣ የቤተሰብ ድህነት፣ ከተማው በሙሉ ያየው ውርደት። ሦስተኛው መጎዳት ነው፤ አንድ ሰው በድሏታል፣ ከተማው ደግሞ አይቶ ዝም ብሏል። በሦስተኛው ዓይነት ውስጥ ደራሲው ትልቅ ዕዳ አለበት። ከተማዋ ይቅርታ ሳትጠይቅ ልጅቱ ብቻ ይቅር ብላ የምትቀርበት መጨረሻ፣ ሠርጉ ምንም ቢደምቅ፣ ለእኔ መጨረሻ አይደለም። በፍቅረኛው ደረት ላይ ተደግፋ ማልቀሷ ያንን አይተካም። የበደለው ሰው ሞቶም ከሆነ ያየው ሰው አለ፤ ያየው ሰው ይናገር።

ምክንያቱ እንዴት እንደሚገለጥም ይመልከቱ። ምልሰት፣ ማለትም ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን መተረክ፣ እያንዳንዱን ምዕራፍ የሚያቋርጠው ከሆነ ያሁኑ ታሪክ አቅም አንሶታል ማለት ነው። በምልልስ ውስጥ የሚያፈተልክ ትዝታ ይሻላል፦ እናትየው "ያን ክረምት" ብላ ጀምራ ዝም ስትል፣ ልጅየዋ ደግሞ ሳህን ማጠቧን ስታፈጥን።

የድሮው ፍቅረኛ አሥር ዓመት ሙሉ ሲጠብቃት ኖረ ማለት ይታመናል?

እንዲሁ ተቀምጦ ከጠበቃት አይታመንም። የሚታመነው የራሱን ኑሮ የኖረ ሰው ነው፤ ያገባና የፈታ፣ ልጅ ያሳደገ፣ የከሰረ፣ የተናደደ። መናደድ አለበት እላለሁ። ሳትሰናበተው የሄደችን ሴት በመጀመሪያው ቀን በፈገግታ የሚቀበል ወንድ ወይ ቅዱስ ነው ወይ አልተጻፈም። ኩርፊያው ግን ወደ ጭካኔ ካለፈ፣ ሰው ፊት ካዋረዳት ወይም እየተከታተለ መውጫ ካሳጣት፣ ደራሲው "ከፍቅሩ ብዛት ነው" ቢልም አይቀበሉት።

ሌላው መመዘኛ ሁለቱ አሁን የሚዋደዱት የትኛውን ሰው ነው የሚለው ነው። የአሥራ ስምንት ዓመቷን ልጅ እየናፈቀ ከሆነ ፊቱ የቆመችውን ሴት ገና አላያትም። ጥሩ ደራሲ ይህን የሚያፈርስ ትዕይንት ያበጃል፤ ድሮ የምትወደውን ነገር ይዞላት ይመጣል፣ እሷ ደግሞ ከተወችው ቆይታለች።

ሥራዋንና ኑሮዋን ጥላ መቅረቷ ያናድደኛል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው?

ሁልጊዜ አይደለም፤ ቅሬታው ግን እውነት ነው። ትልቅ ከተማ ያለው ሥራ ሁሉ ባዶ፣ አለቃው ሁሉ ክፉ፣ እዚያ የነበረው እጮኛ ሁሉ ራስ ወዳድ ተደርጎ ሲሳል፣ ምርጫው ከመጀመሪያውኑ ተጭበርብሯል። ከባድ የሚሆነው ሁለቱም ወገን መልካም ሲሆን ነው። የምትወደው ሥራ አላት፣ የምትወደው ሰውም አለ፤ አንዱን ለማግኘት ከሌላው ላይ መቁረስ ግድ ነው። እሱም እንዲቆርስ የሚያደርጉ መጽሐፎች አሉ፤ እየተመላለሱ የሚኖሩበት ወይም ሁለቱም ወደ ሌላ ቦታ የሚሄዱበት መጨረሻም አለ። ከተማዋን ትታ እንኳ ከከተማዋ ጋር መታረቅ ትችላለች፤ እነዚህን መጨረሻዎች ሳገኝ ደስታዬ ይበልጣል።

ከሁለቱ ፍቅረኞች ሌላ ማንን ልከታተል?

የቀረውን ወንድም ወይም የቀረችውን እህት። የጠፋውን ልጅ ምሳሌ ስናነብ ዓይናችን ሁሌ በተመለሰው ላይ ነው፤ ታላቁ ወንድም ግን ከእርሻ መጥቶ ደጅ ላይ ቆሞ "ይህን ያህል ዓመት አገለግልሃለሁ" ሲል አባቱ ይመልስለታል፤ ታሪኩም እዚያው ላይ ያበቃል፣ ይግባ አይግባ አይነገረንም። ብዙ የመመለስ ልብወለዶች ይህን ሰው ይረሱታል። እናቱን ያስታመመው፣ ዕዳውን የከፈለው፣ ጣሪያው ሲያፈስ የወጣው እሱ ነው። እሷ መጥታ በሦስት ሳምንት ውስጥ የከተማው ተወዳጅ ስትሆን እሱ ምን ይሰማዋል? ለዚህ ጥያቄ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሰጠ ደራሲ ካገኙ ሌሎች መጽሐፎቹንም ይፈልጉ።

ሐዘን ይበዛበታል? በቅርብ ሰው ሞቶብኛል።

ብዙዎቹ በቀብር ነው የሚጀምሩት፤ የወላጅ ሕመም፣ የመርሳት ችግር፣ ሱስና መሃንነትም ደጋግመው ይነሳሉ። ዛሬ አንዳንድ ደራሲዎች በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ወይም በድረ ገጻቸው ላይ ምን ከባድ ነገር እንዳለበት አስቀድመው ያሳስባሉ፤ ከመጀመርዎ በፊት ያንን ይፈልጉ። ማሳሰቢያ ከሌለው የጀርባውን ጽሑፍና የአንባቢዎችን አስተያየት ይመልከቱ፣ ወይም ያነበበው ሰው እንዲነግርዎት ይጠይቁ። መጨረሻው ስለሚታወቅ ጨዋታውን አያበላሽም።

ሐዘን ላይ ያለ ሰው እነዚህን መጽሐፎች ፈጽሞ መተው አለበት ብዬ ግን አላምንም። የሟችን ልብስ ማጠፍ፣ የስልክ ቁጥሩን ከስልክ ላይ ለማጥፋት አለመቻል፣ ለመጣ ሰው ሁሉ ያንኑ ታሪክ መድገም፤ እነዚህን በዝርዝር የሚጽፍ ሰው ሲገኝ አንጀት ያርሳል። ሐዘኑን በሦስተኛው ምዕራፍ ረስቶ ወደ መሽኮርመም የሚዘል መጽሐፍ ነው የሚያም።

የወሲብ ትዕይንት አለበት?

ከመሳሳም የማያልፍም፣ በር ሲዘጋ ምዕራፉን የሚዘጋም፣ ሁሉን በግልጽ የሚጽፍም አለ። በሽፋን ሥዕል አይፍረዱ፤ በደማቅ ቀለም የተሣለ፣ የልጆች መጽሐፍ የሚመስል ሽፋን ያለው ልብወለድ ውስጡ በጣም ግልጽ ሊሆን ይችላል። ለታዳጊ ልጅ ከመስጠትዎ በፊት ራስዎ ይዩት።

ተከታታይ ከሆነ ከአንደኛው መጀመር አለብኝ?

በፍቅር ልብወለድ ተከታታይ ማለት ብዙ ጊዜ አንድ ከተማ፣ በየመጽሐፉ ሌላ ጥንድ ማለት ነው። ስለዚህ ከመካከል ቢጀምሩም ታሪኩ ይገባዎታል። የሚያጡት ነገር ቢኖር በመጀመሪያው መጽሐፍ የተጣመሩት ሰዎች በሦስተኛው ልጅ ታቅፈው ሲመጡ ማየት ነው። ከተቻለ በቅደም ተከተል ያንብቡ፤ ካልተቻለ ግን የመመለስ ታሪክ ያለበትን ያስቀድሙ። ከተማዋን ለማወቅ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ተመላሿ ሁሉን በአዲስ ዓይን ታያለች፣ እኛም በእሷ ዓይን።

ሰው "ቀላል ንባብ ነው" ይለኛል። ምን ልበል?

ጃኒስ ራድዌይ የተባሉ ተመራማሪ በ1984 ያሳተሙት ጥናት አለ፤ በአንዲት የአሜሪካ ከተማ ያሉ የፍቅር ልብወለድ አንባቢ ሴቶችን ቀርበው ጠይቀዋል። ሴቶቹ ከነገሯቸው ነገር ዋናው ማንበቡ ራሱ የእነሱ ጊዜ መሆኑ ነበር፤ ባልም ልጅም የማይጠይቃቸው፣ ሁሉን የሚንከባከብ ሰው እሱ ራሱ የሚታሰብበት ሰዓት። ራድዌይ ታሪኮቹን ከመተቸት አልተመለሱም፤ አንባቢዎቹን ግን አክብረው ነው ያዳመጡት። እኔም ከዚያ በላይ መከራከሪያ አያስፈልግም እላለሁ። ይልቅ ለሚነቅፍዎት ሰው ጥሩ የተጻፈ አንድ ይስጡት፣ ከዚያ ስለ መጽሐፉ ተነጋገሩ።

እኔ ወደ ትውልድ ቦታዬ መመለስ አልችልም። ማንበቡ ይጎዳኛል?

ሊጎዳዎት ይችላል። ቤቱ የፈረሰበት፣ ሰው ያለቀበት፣ መንገዱ የተዘጋበት ሰው "ና ግባ፣ ክፍልህ እንደነበረ ነው" የሚል ትዕይንት ሲያነብ ሆዱ ይባባል። ይህ ድክመት አይደለም። ለእንዲህ ያለ አንባቢ ሁለት ዓይነት መጽሐፍ እመክራለሁ። አንደኛው፣ ተመላሿ የምታውቀውን ነገር ሳታገኝ የምትቀርበት ነው፤ ሰፈሩ ተለውጧል፣ ጓደኞቿ የሉም፣ ያለውን ከባዶ ትጀምራለች። ሁለተኛው፣ ፍቅረኛው ራሱ ከሌላ ቦታ ተፈናቅሎ የመጣበት ነው። እሷ ትመለሳለች፣ እሱ መመለሻ የለውም፤ ቤት ማለት ምን እንደሆነ ሁለቱ ሲከራከሩ የሚወጣው ምልልስ ብዙ ጊዜ ከመጽሐፉ ምርጡ ነው። ክፍሉ እንደነበረ ሆኖ የሚጠብቅበትን ግን ዛሬ ባያነቡት ምንም አይቀርብዎትም።

ግማሽ ላይ ቢሰለቸኝ ልተወው?

ይተዉት፤ ከመተውዎ በፊት ግን የሁለቱን የመጀመሪያ እውነተኛ ጠብ ያንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ ከመጽሐፉ እኩሌታ ትንሽ አለፍ ብሎ ይገኛል። ስትሄድ ያልተባለው ነገር የሚባለው እዚያ ነው። እዚያ ላይ እንኳ ሁለቱም ከአፋቸው የሚወጣው የማንም ሰው ንግግር ከሆነ፣ የተቀሩት ገጾች አያድኑትም።